ኤቨርተንን ያዳነው «ሀብታም መምጣቱ» ነው ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በእግር ኳስ አፍቃሪዎች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ የእንግሊዙ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ ኤቨርተን የከሰረው አዲስ ስታዲየም ልሥራ ብሎ ነው፤ ነጥብ የተቀነሰበትም ዕዳ ስለተከመረበት ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ ባያንዛዛው ኖሮ 777 ፓርትነርስ የተባለው ኩባንያ በ2023 ያድነው ነበር፤ በመጨረሻ አሜሪካዊው ቢሊየነር ዳን ፍሪድኪን መጥቶ ገዛውና ዕዳው ተሰረዘ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ በችግር ላይ ላሉ የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎች ምክር ይለግሳል። የመጣውን ገዢ ቶሎ ተቀበሉ፣ ገዢ ከጠፋ ክለቡን በአስተዳዳሪ (ዕዳውን መክፈል ላቃተው ኩባንያ በሕግ በሚሾም የኪሳራ ባለሙያ) እጅ አስገብታችሁ ዕዳውን አሰርዙ፣ «ራሳችን እንግዛው» የሚለውን ሕልም ግን ተዉት ይላል።

ጽሑፉ ጥሩ አማርኛ አለው። ስሞቹና ቀኖቹም በአብዛኛው ልክ ናቸው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡ በየት በኩል ገባ? በአክሲዮን መልክ ወደ ክለብ የገባ ፓውንድና በብድር መልክ የገባ ፓውንድ ለየቅል ናቸው። ለሻጩ የተከፈለው ደግሞ ጭራሽ ክለቡ ካዝና ውስጥ አይደርስም። ጸሐፊው ሦስቱንም «ኢንቨስትመንት» እያለ አንድ ላይ ስለሚቆጥራቸው ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ድምዳሜ ሁሉ ይዛባል። ነጥቦቹን በተራ እንያቸው። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ያከሰረው ስታዲየሙ ነው»

ኪሳራው ከስታዲየሙ ይቀድማል። የቀድሞው ባለቤት ፋርሃድ ሞሺሪ የክለቡን 49.9 ከመቶ ድርሻ የያዘው በፌብሩዋሪ 2016 ነው፤ በኋላ ድርሻውን ወደ 94.1 ከመቶ አሳደገው። በብራምሊ ሙር ዶክ የስታዲየሙ ግንባታ የተጀመረው ግን በ2021 አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት የሒሳብ ዓመታት ክለቡ በተከታታይ 111.8፣ 139.9 እና 120.9 ሚሊዮን ፓውንድ ከስሯል። ድምሩ ከ372 ሚሊዮን ያልፋል። ኮቪድ ድርሻ አለው፤ ለስታዲየሙ ዝግጅት የወጣው ገንዘብም በከፊል እዚህ ውስጥ ተመዝግቧል። ዋናው ቀዳዳ ግን ደመወዝና ዝውውር ነው።

በ2020/21 የውድድር ዘመን ክለቡ ያገኘው ገቢ 193 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን የደመወዝ ወጪው 183 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ከመቶ ፓውንድ ገቢ 95ቱ ደመወዝ ነው ማለት ነው። በ2022/23ም ገቢው 172፣ ደመወዙ 159 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከመቶው 92 ማለት ነው። በእግር ኳስ ዓለም 70 ከመቶ ሲታለፍ ሰዎች መጨነቅ ይጀምራሉ። በቀረችው አምስትና ስምንት ፓውንድ ጉዞ፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ወለድና የተጫዋች ግዢ ሊሸፈን አይችልም።

በዚያ ላይ የዝውውር ሒሳብ አለ። 40 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎበት ለአምስት ዓመት የፈረመ ተጫዋች በሒሳብ መዝገብ ላይ በየዓመቱ 8 ሚሊዮን ወጪ ይሆናል። ጥሩ ከተጫወተ ተሽጦ ይካካሳል። ካልተሳካለት ግን ማንም አይገዛውም፤ ደመወዙን እየበላ ኮንትራቱን ይጨርስና በነጻ ይሄዳል። ኤቨርተን ውስጥ ይህ ደጋግሞ የደረሰው አሰልጣኝ ስለሚፈራረቅ ነው። ማርቲኔዝ በ2016 ከተሰናበተ በኋላ ዳይች በጃንዋሪ 2023 እስኪቀጠር ኩማን፣ አላርዳይስ፣ ሲልቫ፣ አንቼሎቲ፣ ቤኒቴዝና ላምፓርድ ገብተው ወጥተዋል። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ያስመጣል፤ የበፊቱ ያስመጣቸው ደግሞ ደመወዝ ላይ ይቆያሉ። በርካቶቹ አሰልጣኞችም ካሳ ተከፍሏቸው ነው የተሰናበቱት።

ስታዲየሙ ችግር የሆነው በሌላ መንገድ ነው። ግንባታ ጥሬ ገንዘብ የሚፈልገው ዛሬ ነው፤ ትኬትና ሎጅ ተሸጦ የሚመጣው ገቢ ግን ከምረቃ በኋላ ነው። ከ52 ሺሕ በላይ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ለሊግ ጨዋታ የተከፈተው በኦገስት 2025 ነው። በመሐል ያለውን ጊዜ ሊሸፍን የታሰበው የሞሺሪ ገንዘብና የሩሲያዊው ቢሊየነር የአሊሸር ኡስማኖቭ ኩባንያ የዩኤስኤም ስፖንሰርነት ነበር። ዩኤስኤም ለስታዲየሙ ስያሜ ቅድሚያ መብት ብቻ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ነበር። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በማርች 2022 ኡስማኖቭ ላይ ማዕቀብ ሲጣል ያ ስፖንሰርነት በአንድ ሳምንት ቆመ። ክለቡ ከዚያ ወዲያ በአጭር ጊዜና ወለዱ ከፍ ባለ ብድር ላይ ይበልጥ ተደገፈ። ከራይትስ ኤንድ ሚዲያ ፈንዲንግ የተወሰደው ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ፣ ኤምኤስፒ የተባለው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ከሁለት የሊቨርፑል ከተማ ነጋዴዎች ጋር ሆኖ ያበደረው 158 ሚሊዮን፣ በኋላም ከ777 የመጣው 200 ሚሊዮን ገደማ አለ። የገንዘብ ምንጭ መጠየቅ ቅናት የሚመስላቸው ሰዎች ይህን የኡስማኖቭ ጉዳይ ቢያስቡት ጥሩ ነው።

«ነጥብ የተቀነሰው በዕዳ ምክንያት ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ሕጎችን ቀላቅሏል። ኤቨርተን የተቀጣበት የትርፍና ዘላቂነት ሕግ፣ በተለምዶ ፒኤስአር የሚባለው፣ የሚለካው ኪሳራን እንጂ ዕዳን አይደለም። ቢሊዮን ፓውንድ ዕዳ ያለበት ክለብ በዚህ ሕግ ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሳንቲም ዕዳ የሌለበትም ሊቀጣ ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ኪሳራ 105 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ በዓመት 35 ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ክለቡ በራሱ ሊከስር የሚችለው 15 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረውን 90 ሚሊዮን ባለቤቱ በአክሲዮን ወይም በማይመለስ ገንዘብ መሸፈን አለበት፤ ብድር አይቆጠርም። ቡድኑ ከሦስቱ ዓመት ከፕሪሚየር ሊግ ቀጥሎ ባለው ቻምፒዮንሺፕ ላሳለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት 35ቱ ወደ 13 ይወርዳል። ሁለቱን ዓመት እዚያ ያሳለፈው ኖቲንግሃም ፎረስት ገደቡ 61 ሚሊዮን የሆነበትና 4 ነጥብ የተቀጣው ለዚህ ነው። ከዚያ ለታዳጊዎች፣ ለሴቶች ቡድን፣ ለማኅበረሰብ ሥራና ለግንባታ የወጣው ከኪሳራው ላይ ይነሣል።

ኤቨርተን እስከ 2021/22 በነበረው ስሌት 124.5 ሚሊዮን ኪሳራ ተገኘበት። ከገደቡ በ19.5 ሚሊዮን በለጠ። ከክርክሩ ዋና ጉዳዮች አንዱ የብድር ወለድ ነበር። ክለቡ «ይህ ወለድ የስታዲየሙ ነውና ከኪሳራው ይነሣልን» አለ። ጉዳዩን የዳኘው ገለልተኛ ኮሚሽን የብድር ውሎቹን ሲያይ ብድሩ ለስታዲየም ሥራ የተወሰደ መሆኑን አላገኘም። የብድር ውል ላይ «ለምን ዓላማ» የሚለው አንድ መስመር ነጥብ ያስከፍላል ማለት ነው። በኖቬምበር 2023 10 ነጥብ ተቀነሰ፤ በፌብሩዋሪ 2024 በይግባኝ ወደ 6 ወረደ። በኤፕሪል ደግሞ እስከ 2022/23 ላለው ስሌት በ16.6 ሚሊዮን በማለፉ 2 ተጨመረ። በሜዳ ላይ 48 ነጥብ አግኝቶ 15ኛ ሆኖ የጨረሰው በ40 ነው።

ይህ ሕግ ከ2026/27 ጀምሮ የቡድን ወጪን ከገቢ ጋር በሚያነጻጽር ሌላ ሕግ እንዲተካ ክለቦቹ በ2025 መጨረሻ ወስነዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ለነገ ምክር ሲሰጥ የተመረኮዘበት ሕግ ራሱ በመሄድ ላይ ያለ ነው።

«777ን ያባረረው የፕሪሚየር ሊጉ ቢሮክራሲ ነው»

ጽሑፉ ክፉኛ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

መጀመሪያ የክለብ ሽያጭ ደረጃዎችን እናስቀምጥ። ገዢና ሻጭ በመርሕ ይስማማሉ። ብዙውን ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ሻጩ ከሌላ ጋር ላለመደራደር ይፈርማል። በዚያ ጊዜ የገዢው ጠበቆችና ኦዲተሮች መዛግብቱን ይመረምራሉ፤ ያልተከፈለ ግብር፣ ለሌሎች ክለቦች በክፍያ የቀሩ የዝውውር ገንዘቦች፣ መያዣዎች፣ ባለቤት ሲለወጥ ወዲያው የሚጠየቁ ብድሮች ሁሉ ይታያሉ። ከዚያ የአክሲዮን ግዢ ውል ይፈረማል። ውሉ ቢፈረምም ሽያጩ አላለቀም፤ ሊጉ ገዢውን መርምሮ ማጽደቅ አለበት። በመጨረሻም ውሉ የሚያበቃበት ቀን ይቀመጣል፤ ያ ቀን ካለፈ ሁለቱም ወገኖች ነጻ ናቸው። «ክለቡ ተሸጠ» የሚል ዜና የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ገና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው።

777 ውሉን የፈረመው በሴፕቴምበር 2023 ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ክለብ መግዛት ሳይሆን ለክለቡ ማበደር ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ በየወሩ እየሰጠ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አደረሰ። በዘገባዎች እንደወጣው ፕሪሚየር ሊጉ ያስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች ጥቂት ነበሩ፤ የኤምኤስፒን 158 ሚሊዮን ክፈሉ፣ ለስታዲየሙ ማጠናቀቂያ የሚሆን ገንዘብ በዝግ ሒሳብ አስቀምጡ፣ ያበደራችሁትን ወደ አክሲዮን ለውጡ። እነዚህ ቢሮክራሲ አይባሉም። ገንዘብ ላለው ሰው የሳምንታት ሥራ ናቸው። ስምንት ወር አልፎም አልተሟሉም።

ያልተሟሉበት ምክንያት በሜይ 2024 ይበልጥ ታየ። ሌደንሆል ካፒታል የተባለ የለንደን ኩባንያ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ክሱ 777 የሌለውን ወይም ለሌላ አስቀድሞ ያስያዘውን ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ንብረት መያዣ አድርጎ ተበድሯል ይላል። በዚያው ወር የሪዮ ደ ጄኔሮ ፍርድ ቤት 777 በብራዚሉ ክለብ በቫስኮ ዳ ጋማ ላይ የነበረውን የአስተዳደር ሥልጣን አገደ። ከኤቨርተን ጋር የነበረው ውል በሜይ 31 ጊዜው አለፈ።

ጸሐፊው «በ2023 ጸድቆ ቢሆን ኖሮ» ይላል። ቢጸድቅ ኖሮ ኤቨርተን በሜይ 2024 የ777 ንብረት ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ከጄኖዋ፣ ከስታንዳርድ ሊዬዥ፣ ከኸርታ በርሊንና ከቫስኮ ጋር በአንድ መርከብ ላይ ማለት ነው። የስታዲየሙ ግንባታም መሐል ላይ ነበረ።

ግን ከዚህም የባሰው ነገር ገዢው ከሄደ በኋላ ነው የመጣው። ሰውየው ሄደ፤ ብድሩ ቀረ። ከ777 ጀርባ ሆኖ ገንዘቡን ያቀርብ የነበረው ኤ ካፕ የተባለ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ቡድን ስለነበር ብድሩን ለማን መክፈል እንደሚገባ፣ ከአሜሪካው ክስ ጋርስ ምን እንደሚያገናኘው የማይታወቅ ሆነ። ፍሪድኪን በጁን 2024 ለብቻው የመደራደር መብት አግኝቶ፣ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አበድሮ የኤምኤስፒን ዕዳ ካስከፈለ በኋላ በጁላይ 19 ድርድሩን ትቶ ወጣ። የተሰጠው ምክንያት ይኸው የ777 ብድር ነበር። «ቶሎ የመጣው ገንዘብ» ተከታዩን ገዢ አባረረ ማለት ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ።

በኦገስት ጆን ቴክስተር መጣ። እሱ ደግሞ የሌላው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የክሪስታል ፓላስ 45 ከመቶ ባለድርሻ ስለነበር አስቀድሞ ያንን መሸጥ ነበረበት። አልሸጠም፤ ጊዜው አለፈ። ፍሪድኪን ተመልሶ በሴፕቴምበር ተስማማ፤ ሽያጩም በዲሴምበር 19 ቀን 2024 ተጠናቀቀ። በዚያን ጊዜ እሱ ራሱ ከክለቡ ትልልቅ አበዳሪዎች አንዱ ስለነበር ሲመለስ የመደራደር አቅሙ ከበፊቱ የበለጠ ነበር። በነገራችን ላይ ገዢ ከመግዛቱ በፊት ለምን እንደሚያበድር ለሚጠይቅ ሰው ከመልሶቹ አንዱ ይህ ነው። ግዢው ባይሳካም እንኳ ወረፋው ፊት ላይ ይቆማል።

ለዚህ ነጥብ ሌላ ምስክር ካስፈለገ የእንግሊዙ ክለብ ደርቢ ካውንቲ አለ። በ2022 ክሪስ ኪርችነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራጭ ገዢ ተባለ። ቃለ መጠይቅ ሰጠ፣ ከደጋፊ ጋር ተነሣ፤ ገንዘቡ ግን ቀነ ገደብ ባለፈ ቁጥር «እየመጣ» ነበር። በጁን ተወ። ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ኩባንያ ላይ በፈጸመው ማጭበርበር በቴክሳስ 20 ዓመት ተፈረደበት። ክለቡን የገዛው የአካባቢው ሰው የሆነው የቤት አልሚው ዴቪድ ክላውስ ነው፤ መጀመሪያ ስታዲየሙን፣ ቀጥሎ ክለቡን።

«ፍሪድኪን ከፈለና ዕዳው ተሰረዘ»

ዕዳው እንዲሁ አልተሰረዘም። ወደ 450 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋው የሞሺሪ ብድር ወደ አክሲዮን ተለወጠ፤ ይህ የባለቤት ገንዘብ ስለሆነ ይቻላል። የውጭ አበዳሪዎቹ ግን ወይ ተከፈሉ ወይ ተደራድረው ወጡ፤ አጫጭሩና ውዱ ብድር በስታዲየሙ ላይ በተመሠረተ ረጅምና ርካሽ ብድር ተተካ። ኤቨርተን ዛሬም ዕዳ አለበት። የተለወጠው የዕዳው ዓይነት ነው። የዛሬው የሚከፈለው ከስታዲየም ገቢ ቀስ እየተባለ ነው፤ የቀደመው በየጥቂት ወሩ «አሁኑኑ» ይል ነበር።

የግዢ ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው የማንቸስተር ዩናይትድን ሽያጭ እንደ ምሳሌ ማንሣቱ ገርሞኛል፤ ያ ምሳሌ የሚመሰክረው በእሱ ላይ ነውና። የአሜሪካዎቹ የግሌዘር ቤተሰቦች በ2005 ክለቡን 790 ሚሊዮን ፓውንድ በሚሆን ዋጋ ሲገዙ አብዛኛውን ተበድረው ነው፤ ብድሩ የተጫነው ከዚያ በፊት ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ላይ ነው። ዋጋው የሄደው ለቀድሞ ባለ አክሲዮኖች ነው፤ ወለዱን ግን እስካሁን ክለቡ ይከፍላል። እንግሊዛዊው ባለሀብት ሰር ጂም ራትክሊፍ በ2024 ሲገባ ደግሞ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ነበረ። ብዙው ድርሻ ለሸጡት ሰዎች ተከፈለ። ከዚያ ተለይቶ 300 ሚሊዮን ዶላር አዲስ አክሲዮን እየተገዛበት ወደ ክለቡ እንዲገባ ተደረገ፤ 200ው በፌብሩዋሪ፣ 100ው እስከ ዓመቱ መጨረሻ። ደጋፊው ሊቆጥረው የሚገባው ይህን 300 ብቻ ነው። «ክለቡ በዚህን ያህል ቢሊዮን ተሸጠ» የሚለው ቁጥር ስለ ሻጩ ሀብት እንጂ ስለ ክለቡ ካዝና የሚናገረው ነገር የለም።

«በአስተዳዳሪ እጅ ይግባ፤ ዕዳ ይሰረዛል»

ጸሐፊው እዚህ ጋ አንድ ትክክለኛ ስሌት አለው፤ አልክድም። በፕሪሚየር ሊግ በአስተዳዳሪ እጅ የገባ ክለብ የሚቀነስበት 9 ነጥብ ነው። ኤቨርተን በ2023/24 ከ40 ላይ 9 ቢቀነስበት 31 ይሆን ነበር፤ 18ኛ ሆኖ የወረደው ሉተን 26 ነበረው። በነጥብ ብቻ ከሆነ ይተርፍ ነበር። ግን በነጥብ ብቻ አይደለም።

አስተዳዳሪ ሲገባ ማን አስቀድሞ እንደሚከፈል ሕግ ወስኖታል። በተወሰነ ንብረት ላይ መያዣ የያዘ አበዳሪ ከዚያ ንብረት ሽያጭ ቅድሚያውን ይወስዳል። ቀጥሎ የአስተዳዳሪው ወጪና አበል፣ ከዚያ በሕግ ጣሪያ የተበጀለት የሠራተኞች ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ከዚያም ከዲሴምበር 2020 ወዲህ የግብር ባለሥልጣኑ ለተጨማሪ እሴት ታክስና ከደመወዝ ላይ ለተቆረጠ ግብር ይመጣል። መያዣ የሌለው ሰው መጨረሻ ላይ ነው። በእግር ኳስ ደግሞ ሌላ ሕግ ይደረባል። ተጫዋቾችና ዝውውር የሸጡ ሌሎች ክለቦች ሙሉ በሙሉ ካልተከፈሉ ክለቡ በሊጉ ውስጥ ቦታ አያገኝም። የእንግሊዝ የግብር ባለሥልጣን ይህን አሠራር በ2012 በፍርድ ቤት ተቃውሞ ተሸንፏል።

ታዲያ የሚሰረዘው የማን ዕዳ ነው? የኤቨርተን ዋና ዋና አበዳሪዎች መያዣ የያዙ ነበሩ፤ እነሱ ወረፋው ፊት ናቸው። ገንዘቡን የሚያጣው ሣር የሚያቀርበው፣ ምግብ የሚያቀርበው፣ አምቡላንስ የሚያቆመው ነው። ፖርትስመዝ በፌብሩዋሪ 2010 በአስተዳዳሪ እጅ የገባ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ሲሆን፣ ከዕዳ ጠያቂዎቹ ዝርዝር ውስጥ በጨዋታ ቀን የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጠው የሴንት ጆን አምቡላንስ በጎ አድራጎት ድርጅት ይገኝበት ነበር።

ከዚህም ለመውጣት ከዕዳው መጠን 75 ከመቶ የሚይዙ ዕዳ ጠያቂዎች በስምምነት ዕቅዱ ላይ መፍቀድ አለባቸው። በ2012 በስኮትላንዱ ክለብ ሬንጀርስ ላይ የግብር ባለሥልጣኑ ብቻውን ከ25 ከመቶ በላይ ስለነበረው እምቢ ሲል ዕቅዱ ወደቀ። ኩባንያው ወደ መፍረስ ሄደ፤ ንብረቱ በ5.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለአዲስ ኩባንያ ተሸጠ፤ ቡድኑም ከስኮትላንድ አራተኛ እርከን ጀመረ። ከፕሪሚየር ሊግ በታች ባሉት ሦስት ሊጎች ደግሞ ቅነሳው 12 ነው፤ መያዣ የሌላቸው ዕዳ ጠያቂዎች ከገንዘባቸው ቢያንስ 25 ከመቶ ካልደረሳቸው ሌላ 15 ይከተላል። ደርቢ በ2021/22 ለአስተዳዳሪ 12፣ በሒሳብ አያያዝ ጥፋት 9፣ በድምሩ 21 ተቀንሶበት ወርዷል። ሸፊልድ ዌንስዴይም በኦክቶበር 2025 በአስተዳዳሪ እጅ ሲገባ 12 ነጥብ ወዲያው ሄዷል።

የደርቢና የሸፊልድ ዌንስዴይ ጉዳይ አንድ ተጨማሪ ነገር ያሳያል። ሁለቱም ኪሳራቸውን ለማሳነስ ስታዲየማቸውን ለራሱ ለባለቤቱ ኩባንያ ሸጠው ነበር። ደርቢ ፕራይድ ፓርክን በ81 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጧል። ዘዴው በወረቀት ላይ ለአንድ ዓመት ይሠራል። ክለቡ ሲታመም ግን አዲሱ ገዢ ከሁለት ሰው ጋር መደራደር አለበት፤ ከአስተዳዳሪው ጋር ስለ ክለቡ፣ ከቀድሞው ባለቤት ጋር ስለ ሜዳው። የክላውስ ግዢ ከስታዲየሙ የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ደጋፊ ክለብ መግዛት አይችልም»

ለፕሪሚየር ሊግ ክለብ ከሆነ ልክ ነው። ኤቨርተንን የሚያክል ቀዳዳ በመዋጮ አይደፈንም። ከዚያ በታች ግን የፖርትስመዝ ደጋፊዎች ማኅበር በኤፕሪል 2013 ክለቡን ገዝቷል። ለአንድ ሰው አንድ ሺሕ ፓውንድ ድርሻ ተሸጠ፤ ሁለት ሺሕ ያህል ሰዎች ገዙ፤ ከማኅበሩ ጎን ጥቂት ባለጠጋ ደጋፊዎች ከፍ ያለ ድርሻ ያዙ፤ የከተማው ምክር ቤትም ለመሸጋገሪያ አበደረ። ክለቡ ያኔ ወደ አራተኛው እርከን ወርዶ ነበር። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ የቀድሞውን ውርስ ዕዳ ከፍለው ጨረሱ። በ2017 ደግሞ ለአሜሪካዊው ባለሀብት ለማይክል አይዝነር ኩባንያ በ5.67 ሚሊዮን ሸጡት፤ ከዚያ ተለይቶ 10 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ክለቡ በአክሲዮን እንዲገባ ተስማምተው። ለሻጭና ለክለብ የሚሄደውን ገንዘብ ለይቶ የተዋዋለው የደጋፊ ማኅበር ነው፤ ጸሐፊው የሚያደንቃቸው ቢሊየነሮች ብዙዎቹ ይህን አላደረጉም።

ክለብ ለመግዛት ገንዘብ የሌለው ደጋፊም ቢሆን «ተቀበሉ» ከሚለው ምክር በፊት ሊያያቸው የሚችሉ ወረቀቶች አሉ። በእንግሊዝ ካምፓኒስ ሃውስ የተባለው የኩባንያዎች መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። የክለቡን ሕጋዊ ስም አስገብቶ ሦስት ነገር ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫው የቀረበበት ቀን ነው፤ የግል ኩባንያ የበጀት ዓመቱ ካለቀ ዘጠኝ ወር አለው፤ ቀኑን ያሳለፈ ወይም የበጀት ዓመቱን ያራዘመ ክለብ አንዳንዴ ኦዲተሩን ማሳመን ያቃተው ነው። ሁለተኛው በመግለጫው ውስጥ ክለቡ ሥራውን ለመቀጠል ስላለው አቅም የተጻፈው አንቀጽና ከበጀት ዓመቱ በኋላ ስለሆኑ ነገሮች የተጻፈው ማስታወሻ ነው፤ አዲስ ብድር መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ሦስተኛው የመያዣ ዝርዝር ነው። አበዳሪ መያዣውን በ21 ቀን ውስጥ ካላስመዘገበ ክለቡ ሲከስር መያዣው አይጸናለትም፤ ስለዚህ ያስመዘግባል። ዝርዝሩ ማን እንደያዘ፣ ምን እንደያዘ፣ መቼ እንደያዘ ይናገራል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የቴሌቪዥን ገቢ፣ ስታዲየሙ፣ አንዳንዴም የዝውውር ክፍያ ሁሉ በስም ተጠቅሶ ይገኛል። በዚያ ዝርዝር ላይ የአዲሱ «ገዢ» ስም ከሽያጩ በፊት ከወጣ ሰውየው እስካሁን አበዳሪ ነው። የድሮው አበዳሪ ስም ላይ ዕዳው እንደተከፈለ የሚገልጽ ማስታወሻ ከሌለም «ተከፍሎ አልቋል» የሚለውን መግለጫ ከማመን በፊት ክለቡን መጠየቅ ይገባል።